ከደጀ ሰላም እስከ ችሎት፦ የአካል ጉዳተኞች የመብት ሙግት ታሪክ በሰሜን ሸዋ

በሰሜን ሸዋ ታሪክ ውስጥ አካል ጉዳተኛው በብዛት የሚገኘው በምጽዋት ተቀባይነት ነው፤ በከሳሽነት የሚገኝበት ስፍራ እጅግ ጥቂት ነው። ይህ የሆነው አገሩ ሙግት ስለማያውቅ አይደለም። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ርስቱን የተነጠቀ፣ ድንበሩን የተገፋ፣ ያበደረውን የተከለከለ ሁሉ ዳገቱን ወጥቶ ከቤተ መንግሥቱ ደጅ «አቤት» ይል ነበር፤ ከዚያም በኋላ የአካባቢው ገበሬ ለአንድ ቁራሽ መሬት ከአጥቢያ ዳኛ እስከ ዙፋን ችሎት ዓመታት የሚመላለስ፣ ስንቁንም ጥሪቱንም በክርክር የሚጨርስ ሰው እንደነበረ የታወቀ ነው። እንዲህ ሙግትን በሚያከብር ኅብረተሰብ መካከል፣ በአካሉ ምክንያት ከሥራ፣ ከሹመት ወይም ከአገልግሎት የተገለለ ሰው «ተበደልሁ» ብሎ የሚከስበት መንገድ ለረጅም ዘመን ለምን እንዳልነበረው፣ መንገዱ በአዋጅ ከተከፈተ በኋላም የሚሄድበት ሰው ለምን እንዳነሰ መመርመር፣ ከሕጉ ታሪክ በተጨማሪ የአካባቢውን የልግስና ባህል መመርመርን ይጠይቃል።

የጥንቱ ሕግ ስለ አካል ጉዳት ዝም አላለም። በቤተ ክርስቲያንም በቤተ መንግሥትም ሲፈረድበት የኖረው ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ የተጠናቀረ የመንፈሳዊና የሥጋዊ ሕግ መጽሐፍ ሲሆን፣ ወደ ግእዝ የተመለሰው፣ በትውፊት እንደሚነገረው፣ ደብረ ብርሃንን በቆረቆሯትና መቀመጫቸው ባደረጓት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። መጽሐፉ ከቆመባቸው ምንጮች አንዱ በሐዋርያት ስም የሚጠራው ቀኖና ነው። ይህ ቀኖና አንድ ዓይኑ የጠፋ ወይም እግሩ የሚያነክስ ሰው ለኤጲስ ቆጶስነት የሚገባ ሆኖ ከተገኘ እንዲሾም ይፈቅዳል፤ ሰውን የሚያረክሰው የነፍስ እድፍ እንጂ የአካል ጉድለት አይደለም የሚል ምክንያትም ይሰጣል። በሚቀጥለው ድንጋጌ ግን ፈጽሞ የማያየውና የማይሰማው እንዳይሾሙ ይከለክላል፤ የሚከለከሉት ርኩሳን ስለሆኑ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ሥራ እንዳይስተጓጎል ነው ይላል። እነዚህ ሁለት ድንጋጌዎች ዛሬ የሥራ ሕግ የሚከራከርበትን ጥያቄ፣ ማለትም ጉዳቱ ሥራውን በእርግጥ ያስተጓጉላል ወይስ አያስተጓጉልም የሚለውን፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት አንሥተውታል። ያላነሡት፣ ሥራው ራሱ ለሰውየው እንዲመች ሊስተካከል ይችላል የሚለውን ሐሳብ ነው።

የቤተ መንግሥቱ ልማድ ከቀኖናው ይልቅ የከረረ ነበር። አካሉ የጎደለ የነገሥታት ዘር ዘውድ አይጭንም የሚል ልማድ ስለነበረ ባላንጣን ከዙፋን ለማራቅ አካሉን ማጉደል የፖለቲካ መሣሪያ ሆኖ ያገለግል ነበር፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ራስ ሚካኤል ስሑል እጃቸው የተቆረጠውን ዳግማዊ ዐፄ ዮሐንስን በጎንደር ሲያነግሡ የጣሱት ይህንኑ ልማድ ነው። በሸዋ ተፎካካሪ የሚርቀው በእስር ነበር፤ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወንድሞችና የቅርብ ዘመዶች በጎንቾ እስር ቤት ለዓመታት የቆዩት በዚህ ምክንያት ነው። ንጉሡ ራሳቸው ግን የግራ ዓይናቸውን ያጡ ሰው ነበሩ። በ1833 ዓ.ም. ክረምት ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ይህን በግልጽ መዝግቦታል፤ በዚያው ገጽ ላይ ንጉሡ በትክክለኛ ፍርዳቸው ከግዛታቸው ውጭ በአፋሮች ዘንድ ሳይቀር የተመሰገኑ መሆናቸውን ጽፏል። ከ30 ዓመት በላይ የገዙት፣ ሸዋ በዳኝነታቸው እጅግ ከምታከብራቸው ነገሥታት አንዱ የሆኑት ሰው አካል ጉዳተኛ ነበሩ ማለት ነው፤ ይህ በአካባቢው ትምህርት ቤቶች ሊነገር የሚገባው እውነት ነው። ነገር ግን ንጉሡን ከዙፋን ያላገደ ጉዳት ተራውን ሰው ከእርሻ፣ ከጦርና ከሹመት ያግደው ነበር።

የአገሩ ችሎትም የተሠራው ለሚያይ፣ ለሚሰማና ጸንቶ ለሚቆም ሰው ነበር። በላ ልበልሃ በሚባለው የጥንት የሙግት ሥርዓት ተሟጋቹ ሸማውን አደግድጎ፣ ዘንጉን ይዞ ከዳኛው ፊት ይቆማል፤ ግጥም በሚመስል አነጋገር ነገሩን ያቀርባል፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት እየተራመደ ባላጋራውን በዘንጉ ጫፍ ያመለክታል፣ ይጠይቃል፣ መልሱን አዳምጦ ወዲያው ይመልሳል፤ በማር፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረዳል፤ ዙሪያውን የቆመው ታዳሚም የንግግሩን ጥራት ይመዝናል። አንደበቱ የተባ ዓይነ ስውር በዚህ ሥርዓት ሊረታ ይችል ነበር። መስማት የተሳነው ሰው ግን ነገሩን የሚያውቅለት ዘመድ ካልቆመለት በቀር ችሎት ፊት እንደሌለ የሚቆጠር ነበር፤ በምልክት ቋንቋ የሚያስተረጉም ሰው የሚባል ነገር አይታወቅምና።

ለዓይነ ስውሩ የተከፈተለት ሰፊ በር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው። ዳዊቱ በቃል ይጠናል፣ ዜማው ከመምህሩ አፍ በጆሮ ይቀዳል፣ አቋቋሙ በመቋሚያና በጸናጽል ድምፅ ይለካል፣ ቅኔውም በብራና ላይ ሳይሆን በልብ ተቆጥሮ በቃል ይነገራል፤ መምህሩም የሚያቃናው በቃል ነው። ስለዚህ ዓይኑን በኩፍኝ ወይም በፈንጣጣ ያጣ ልጅ አኩፋዳውን አንግቶ ከደብር ወደ ደብር በመሄድ ከሚያዩት ጓደኞቹ ጋር እኩል ሊማር፣ ሊበልጣቸውም ይችል ነበር፤ በሸዋም ሆነ በጎጃምና በጎንደር ዓይነ ስውራን የቅኔና የዜማ መምህራን ወንበር ዘርግተው ማስተማራቸው እንግዳ ነገር አልነበረም። እነዚህ ሊቃውንት ጉባኤ ሲዘረጉ ማንም «አይችሉም» አላላቸውም። እዚህ ላይ በጥንቃቄ መታየት ያለበት ግን፣ ትምህርቱ ለእነርሱ ሲባል አለመቀየሩ ነው፤ ቀድሞውኑ የቃል ትምህርት ስለነበረ ገጠማቸው። መስማት ለተሳነው ልጅ ያው ትምህርት ቤት ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ነበር፤ የዚህ ልዩነት ውርስ እስከ ዛሬ ይታያል፤ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ዓይነ ስውራን ለረጅም ጊዜ በሕግ፣ በቋንቋና በታሪክ ትምህርት ክፍሎች በብዛት ሲገኙ፣ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች በከፍተኛ ትምህርት የታዩት እጅግ ዘግይተው ነው።

ከትምህርቱ ውጭ የቀረው በር ደጀ ሰላሙ ነው። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ወር በገባ በ7፣ ይልቁንም በጥርና በሐምሌ በዓለ ንግሥ፣ ከቅጥሩ በር ግራና ቀኝ ነዳያን ተሰልፈው ይቀመጣሉ፤ ማየት የተሳነው «ስለ ሥላሴ» እያለ እጁን ይዘረጋል፣ እግሩ የማይታዘዝለት ክራንቹን ከጎኑ አጋድሞ ነጠላውን ያነጥፋል፣ ተሳላሚውም ሳንቲሙን ወይም ዳቦውን ሰጥቶ ምርቃት ይቀበላል። በጻድቃኔ ማርያምና በሸንኮራ ዮሐንስ የጸበል ቦታዎች ደግሞ ፈውስ ፈላጊው ቤተሰቡ ስንቅ እያቀበለው ለሳምንታት ይቆያል። ከሁሉ የከፋው መገለል የደረሰው በሥጋ ደዌ ሕሙማን ላይ ነው። በሰሜን ሸዋ የሚታወቁት ሐሚናዎች፣ በሌላ ስማቸው ላሊበላዎች፣ ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ በዜማ የሚለምኑት ልማዱን ቢያቋርጡ ይህ ደዌ ይይዛቸዋል ከሚል ከአባት ከአያት በወረደ እምነት ነው፤ ሥጋ ደዌ በተሕዋስ የሚመጣና በመድኃኒት የሚድን በሽታ መሆኑ ከታወቀ በኋላም ፍርሃቱ በጋብቻና በጉርብትና ውስጥ ቆይቷል። የምጽዋቱ ሥርዓት ብዙ ሰው በረሃብ እንዳይሞት አድርጓልና ዋጋውን ማቃለል ታሪክን መበደል ነው። ሆኖም ምጽዋት የሚሰጠው ሰጪው ሲፈቅድና በፈቀደው መጠን ነው፤ ተቀባዩ ቢነፈግ የሚከሰው ሰው የለም፤ ደግነት በሞላበት አገር የመብት ጥያቄ ዘግይቶ የመጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስላል።

በሰዎች መካከል የሚደረግን ንቀት በአዋጅ መከልከል ግን ለሸዋ ነገሥታት እንግዳ አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያስነገሩት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሸምነውን፣ የሚጽፈውን፣ የሚነግደውንና የሚያርሰውን በሙያው ምክንያት መስደብን ከልክሎ፣ ተሳዳቢው ንጉሠ ነገሥቱን እንደ ሰደበ እንዲቆጠርና በአንድ ዓመት እስራት እንዲቀጣ ደንግጓል። ንጉሠ ነገሥቱ ባደጉባት በአንኮበር ዙሪያ አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች ቡዳ እየተባሉ ይኖሩ ስለነበረ አዋጁ የተወለደበት ኑሮ ለእርሳቸው ሩቅ አልነበረም። አዋጁ አካል ጉዳተኛን አይጠቅስም፤ ነገር ግን ሰውን በማንነቱ ማዋረድ በግል የተሰነዘረ ስድብ ብቻ ሳይሆን በመንግሥት ላይ የተፈጸመ በደል ነው የሚለው አስተሳሰብ በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ አድልዎን ለመከልከል የመጀመሪያ እርሾ ሆኖ ሊቆጠር ይገባዋል።

ዘመናዊው ሕግ በጀመረበት ስፍራ ግን አካል ጉዳተኛው የገባው በሌላ መልክ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 340፣ መስማትና መናገር የተሳናቸው፣ ዓይነ ስውራንና በጸና ደዌ ምክንያት ራሳቸውን መጠበቅ ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር የማይችሉ ሰዎች ለአእምሮ ሕሙማን የተሰጠውን ጥበቃ መጠየቅ እንደሚችሉ ይደነግጋል። ዓላማው መከላከል ነበር፤ ይሁን እንጂ ማየት አለመቻልን ከማሰብ አለመቻል ጎን አስቀምጦታል። ይበልጥ የጎዳው አንቀጽ 1728 ነው፤ ይህ አንቀጽ የዓይነ ስውር ወይም የማይምን ፊርማና የጣት አሻራ ውል አዋዋይ፣ ሬጅስትራር ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠው በቀር ፈራሚውን አያስገድደውም ይላል። ድንጋጌው የታሰበው ያላነበበውን ውል እንዳያሸክሙት ነበር፤ በተግባር ግን የባንክ ሠራተኛ ዲግሪ የጫነውን ዓይነ ስውር ደንበኛ «የሚያይ ሰው ይዘህ ና» የሚልበት ምክንያት ሆኖ አገልግሏል። በገዛ ደመወዙ ላይ ለመፈረም ሌላ ሰው ምስጢሩን እንዲያይለት የሚገደድ ሰው የደረሰበትን በደል ዓይነ ስውራን ማኅበራት ለዓመታት ሲያሰሙት ኖረዋል።

በ1963 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ የአካል ጉዳተኞች መልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት ሲመሠረት መንግሥት ጉዳዩን እንደ ራሱ ኃላፊነት ተቀበለ፤ የተቀበለው ግን እንደ ማኅበራዊ ደኅንነት ሥራ ነበር። ሥራ የማግኘት መብት በስሙ የተጠራው በአዋጅ ቁጥር 101/1986 ነው። ይህ አዋጅ ለአካል ጉዳተኞች የተለዩ የሥራ መደቦች እንዲመደቡ ፈቀደ፤ በቅን ልቡና የተጻፈ ቢሆንም፣ ቆይቶ የተካው ሕግ በመግቢያው እንዳመነው፣ መደብ ለይቶ ማስቀመጡ አካል ጉዳተኛ በችሎታው ተወዳድሮ ሊያሸንፍ አይችልም የሚለውን አመለካከት አጠናከረ።

የተካው ሕግ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ነው፤ በሙግት ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ነው። አዋጁ የሥራው ጠባይ የማይፈቅድ ካልሆነ በቀር ለሥራው ብቁ ሆኖ በውድድር ብልጫ ያገኘ አካል ጉዳተኛ ያለ አድልዎ የመቀጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አሠሪውንም ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድደዋል። ተመጣጣኝ ማመቻቸት ማለት የሥራ መሣሪያን፣ የሥራ ሰዓትን፣ የሥራውን ዝርዝርና የሥራ አካባቢን ለሠራተኛው እንዲስማማ ማስተካከል ነው፤ ወጪው ከድርጅቱ መጠንና አቅም ጋር ሲመዛዘን ከልክ ያለፈ ሸክም የሚሆን ከሆነ ብቻ አሠሪው ከግዴታው ነጻ ይሆናል። የሐዋርያት ቀኖና ያላነሣው ጥያቄ እዚህ መልስ አገኘ፤ «ሰውየው ለሥራው ይመቻል ወይ?» ከሚለው ቀጥሎ «ሥራው ለሰውየው እንዲመች ምን ተደረገ?» የሚል ጥያቄ በሕግ ግድ ሆነ።

ከዚህም የከበደ ለውጥ በማስረጃ በኩል ይገኛል። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ክርክር መሠረታዊው ደንብ የከሰሰ ያስረዳ የሚለው ሲሆን፣ ይህ የማስረዳት ሸክም ይባላል። አዋጅ 568 ይህን ገልብጦታል፤ በቅጥር፣ በዕድገት፣ በዝውውር ወይም በሌላ የሥራ ሁኔታ በአካል ጉዳቱ ምክንያት አድልዎ ደርሶብኛል የሚል ሰው የማስረዳት ሸክም ሳይኖርበት ክስ ይመሠርታል፤ አድልዎ አለመፈጸሙን ማስረዳት የተከሳሹ አሠሪ ፋንታ ነው። የዚህን ክብደት ለመረዳት ደብረ ብርሃንን መመልከት ይበቃል። ከተማዋ በ1950ዎቹ ከተተከለው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ጀምሮ የፋብሪካ ከተማ ስትሆን፣ በቅርብ ዓመታት ቢራ ጠማቂዎችና የኢንዱስትሪ ፓርክ ጨምራለች። አንድ በክራንች የሚሄድ የሒሳብ ባለሙያ የጽሑፍ ፈተናውን በአንደኛነት አልፎ ከቃለ መጠይቅ በኋላ ስሙ ከዝርዝሩ ቢጠፋ፣ ውሳኔው የተሰጠበት ቃለ ጉባኤ፣ የነጥብ አሰጣጡና የኮሚቴው ሐሳብ ያሉት በድርጅቱ መዝገብ ቤት ነው፤ አመልካቹ አንዱንም ሊያይ አይችልም። ሕጉ ሸክሙን ያዞረው መዝገቡ በእጁ ወዳለው ወገን ነው። ክሱንም ተበዳዩ ብቻ ሳይሆን አባል የሆነበት የአካል ጉዳተኞች ማኅበር፣ የሠራተኛ ማኅበር ወይም የሚመለከተው የመንግሥት አካል ሊያቀርበው ይችላል። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ስታጸድቅ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ በአካል ጉዳት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ሕገ ወጥ ሲያደርግ፣ መሠረቱ ይበልጥ ጸና።

እንዲህ ያለ የተመቸ ሕግ እያለ ክሱ ያነሰበት ምክንያት በከፊል ሕግ ራሱ ነው። አዋጅ 568 ከወጣ አንድ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠሩ ከለከለ። ሰሜን ሸዋን በመሰለ አካባቢ በአባላት መዋጮ ብቻ ጠበቃ መቅጠር የሚችል ማኅበር ስላልነበረ፣ በአንድ አዋጅ ለማኅበራት የተሰጠው የመክሰስ መብት በሌላው ተነፈገ፤ ማኅበራቱ ለአሥር ዓመት ያህል ዊልቸር ማደል ተፈቅዶላቸው ዊልቸሩ ስለማይወጣው ደረጃ መሟገት ተከልክለው ኖሩ። ይህ በአገሪቱ የአካል ጉዳተኞች ታሪክ ውስጥ ከባድ ጥፋት ነበር፤ መብትን በአዋጅ መልሶ ምጽዋት አድርጎታልና። ክልከላው የተነሣው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሙግቱን በሕዝብ ፊት ያቆዩት በአብዛኛው ራሳቸው አካል ጉዳተኛ የሆኑ የሕግ ሰዎች ናቸው፤ በአማራ ሳይንት ተወልደው በአምስት ዓመታቸው ዓይናቸውን ያጡት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የተማሩትና የኢትዮጵያ የአካል ጉዳትና ልማት ማዕከልን ከመሠረቱት አንዷ የሆኑት የትነበርሽ ንጉሤ በ2010 ዓ.ም. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ማግኘታቸው ለዚህ ትውልድ የተሰጠ እውቅና ነው።

በአሜሪካ መንገዱ ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሱቅ፣ ምግብ ቤትና ሆቴል ሁሉ ተደራሽ እንዲሆን አዝዞ፣ አስከባሪነቱን ለግለሰብ ከሳሽም ሰጠ፤ ከሳሹ ሲረታ የጠበቃውን ክፍያ ተከሳሹ ስለሚሸፍን ድሃው ከሳሽ ጠበቃ አያጣም፤ በየዓመቱም በሺዎች የሚቆጠሩ ክሶች ይቀርባሉ። ዓይነ ስውር ደንበኛ በድረ ገጹ ማዘዝ ስላልቻለ ዶሚኖስ የተባለውን የፒዛ ድርጅት የከሰሰበት ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2019 እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደጃፍ ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ የድርጅቱን አቤቱታ ሳይቀበለው ቀርቷል። ክሱ መብዛቱ ነጋዴዎችን አስመርሯል፤ ለትንሽ ገንዘብ ሲሉ ክስ የሚያራቡ ጠበቆችም አልጠፉም። ነገር ግን መወጣጫ የሌለው በር ባለቤቱን ገንዘብ እንደሚያስወጣው ሁሉም ነጋዴ አውቋል። በኢትዮጵያ በድሃ ደንብ ክስ መክፈት፣ ማለትም የዳኝነት ክፍያ መክፈል አለመቻልን አስመስክሮ ያለ ክፍያ መክሰስ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የተፈቀደ ቢሆንም፣ ከሳሹን እስከ ችሎቱ አዳራሽ የሚያወጣው ነገር የለም፤ ችሎቱ ፎቅ ላይ ከሆነ ሙግቱ ከደረጃው ሥር ይጀምራል።

ስለ ደረጃው የሚናገረው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ነው። አንቀጽ 36 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱና መራመድ ቢችሉም ደረጃ መውጣት ለሚሳናቸው ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤትም በሚያስፈልግበት ለእነርሱ የተስማማ እንዲዘጋጅ ያዛል። የሚያስፈጽመው የከተማው የሕንፃ ሹም ነው፤ ፕላኑን የሚያጸድቀውም እርሱ ነው። ሆኖም በደብረ ብርሃን ዋና መንገድ ግራና ቀኝ ከተነሡት ፎቆች ብዙዎቹ መሬቱ ተዳፋት ሲሆን መግቢያቸውን በደረጃ ከፍ አድርገውታል፤ ጥቂቶቹ ያበጁት መወጣጫም ሰው ዊልቸሩን በራሱ ክንድ ሊገፋበት የማይችል ቀጥ ያለ ነው፤ ለፕላን ማጽደቂያ እንጂ ለሰው የተሠራ አይመስልም። አዋጁ በዚህ ደረጃ ምክንያት የተጎዳው ሰው ካሳ ስለሚጠይቅበት መንገድ በግልጽ አይናገርም። መንገዱ ያለው በዚያው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው፤ አንቀጽ 2035 በሕግ፣ በአዋጅ ወይም በደንብ በግልጽ የተደነገገን ነገር የጣሰ ሰው ጥፋተኛ ነው ይላል፣ ጥፋተኛም ያደረሰውን ጉዳት ይክሳል። የአንቀጽ 36ን ትእዛዝ ከአንቀጽ 2035 ጋር አጣምሮ በደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት የሚያቀርብ ጠበቃ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልገውም። የአንኮበር ሰው ግን ገና አንድ እርምጃ ይቀረዋል፤ የሕንፃ አዋጁ በመሠረቱ የሚጸናው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ሲሆን፣ የወረዳው መቀመጫ ጎረቤላ ከዚህ ቁጥር በታች ናት፤ አዋጁን ወደ እንዲህ ያሉ ትናንሽ ከተሞች የማስፋት ሥልጣን ያለው የክልሉ መንግሥት ነው።